የሞተሩ መያዣ

“መያዣ የምትቀመጠው ማን ናት?” አለ አሽረፍ።

“የቤት ሠራተኛችን ናት” አለ ኪብሮን።

ሁለቱም ከሸራው ወዲያ ናቸው። ገበያነሽ ከሸራው ወዲህ፣ አሮጌ ጎማ የተከመረበት ጥግ፣ አዲሱን ሄልሜቷን በትርፍ ነጠላ ጠቅልላ ታቅፋ ቆማለች። ጆሮዋ ደህና ነው። ሽሮ ሜዳ ሃያ ዓመት ሸማ የሸጠች ሴት፣ ደንበኛ ከባሏ ጋር ስትንሾካሾክ ዋጋው የት ላይ እንደሚያልቅ ከሱቋ ሆና ትሰማለች፤ አንድ ሸራ ምን ሊያግዳት። የቤት ሠራተኛችን። ኪብሮን ማለት እኮ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ከአንድ እናት የተወለደ፣ በስድስት ዓመቱ ከጨንቻ በእጇ ይዛ አምጥታ ያስተማረችው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እስኪወጣ በየወሩ የላከችለት፣ ዛሬ ቦሌ መሥሪያ ቤት ክራቫት አስሮ የሚውል ልጅ። ጠዋት ከቁስቋም ቤታቸው ሲወጡ እንኳ “እታለም፣ ሄልሜትሽን እንዳትረሺ” ብሎ የሳቀባት እሱ ነው። ከሸራው ወዲያ አሽረፍ ቀጠለ። “ሠራተኛማ ለመያዣ ብዙም አትሆንም። ሠራተኛውን ትቶ የሚጠፋ ስንት አለ መሰለህ። ባለፈው ሳምንት እጮኛህን ስታስቀምጥ ግን ምንም አላሳሰበኝም። በል፣ መታወቂያህንና መንጃ ፈቃድህን ጨምርበት።” ድምፁ ውስጥ ስድብ የለበትም፤ የሥራ ነገር ነው የሚናገረው። ገበያነሽ ግን ሁለተኛውንም ሰማች። እጮኛ። ይህ ልጅ ማንን አጭቶ ነው ያልነገራት?

የአሽረፍ ግቢ ሸጎሌ ነው፣ ከበግ ተራው ጀርባ። ሰውዬው ድሮ የደሴ መስመር የጭነት ሾፌር ነበር፤ ጉልበቱ ሲታመም መሪውን ትቶ ያገለገለ ሞተር መነገድ ጀመረ። በዚያ ጉልበቱ ሞተር ላይ ወጥቶ ከገዢው ኋላ መቀመጥ አይችልም፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ “እስቲ ልሞክረው” ብለው የወጡ ሰዎች እንደወጡ ቀርተውበታል። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣ። የሚሞክር ሰው፣ ሰው ያስይዛል፤ ሚስት፣ እናት፣ ወንድም፣ ማንም ይሁን ማን ጥሎት የማይሄደውን ሰው። የተያዘው ሰው ሞተሩ እስኪመለስ ከግቢው ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ በሰላም ሲገባ አሽረፍ “እንካ ሰውህን” ይላል፣ ነገሩም ያልቃል። ለገበያነሽ ይህን ሕግ ኪብሮን የነገራት ዛሬ መንገድ ላይ ነው። ቅር ብሏት ነበር፤ እሷ ያሰበችው ከኋላው ተቀምጣ የቁስቋምን ዳገት አብራው ልትሞክር ነው። ሆኖም “ላንቺ ስል አይደል እታለም፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ” ሲላት እሺ አለች። እሺ የማትለው ነገር መቼ ኖሮ።

ይህን ሞተር ለመምረጥ ሦስት ወር ፈጅቶባቸዋል። ከራት በኋላ ኪብሮን ስልኩን ይዞ አጠገቧ ይቀመጥና የሞተር ቪዲዮ ያሳያታል፤ እሷ የነጠላ ጫፍ እየቋጨች ታያለች። ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው ዓይነት ነው የሚሻለን አላት። በሥራ ቀን ከቁስቋም ቦሌ ያመላልሰዋል፤ የታክሲ ሰልፍ ይቀርለታል። በበዓል ደግሞ ሁለት ሰው ይዞ አገር ያቋርጣል፤ ከፊቱ ነፋስ የሚከፍል መስታወት አለው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ሻንጣ ይታሰርበታል። ስለ ሞተር ምንም የማታውቀው ሴት ሰንሰለት መላላቱን፣ ከሥር ዘይት ማንጠባጠቡን፣ ጎማ መሰንጠቁን ማየት ለመደች። ከሁሉም አንድ ነገር አጥብቆ አስተምሯታል። “እንደደረስን ሞተሩን በእጅሽ ንኪው። ሞቆ ከጠበቀሽ ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል፤ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው።” አዲሱ ገበያ ያዩዋቸውን ሁለት ሞተሮች ያስጣለችው ግን በራሷ ምክንያት ነው። የኋላ መቀመጫቸው መዳፍ አያክልም። “እኔንስ ምኑ ላይ ልታስቀምጠኝ ነው?” ብላ በስንዝር ስትለካ፣ ሻጩ ሳይቀር እስኪያነባ ስቋል።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ መቀመጫው ግን ለገበያነሽ ቀልድ አልነበረም። መኪና ያማታል። ከቁስቋም ሸጎሌ ለመምጣት እንኳ ሎሚ እያሸተተች ነው። ለመጨረሻ ጊዜ በአውቶቡስ ጨንቻ የሄደችው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው፤ መንገዱን ሙሉ ስታስመልስ ሄዳ፣ ሦስት ቀን ተኝታ፣ አገር የሚጨፍርበትን መስቀል በአልጋ አሳለፈችው። ከዚያ ወዲህ የሰው ሁሉ ልጅ ለመስቀል ሲገባ የእሷ እናት ደጅ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ዓይኗ ደክሟል፤ በየዓመቱ “ዘንድሮ ካልመጣሽ በእጄ ዳብሼ ነው የማውቅሽ” ትላታለች። ባለፈው ክረምት ኪብሮን የጎረቤት ሞተር ተውሶ እንጦጦ አወጣት። ነፋሱ ፊቷን እየመታ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ አፍንጫዋ እየገባ፣ ሆዷ አንድም ጊዜ አልተናወጠም። ከሞተሩ ስትወርድ እንደ ልጅ ሳቀች። እዚያው ቃል ገባላት፤ “ለመስቀል ከኋላዬ አድርጌ እናታችን ደጅ ላይ ነው የማወርድሽ።” እነሆ መስቀል አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የሞተሩ ዋጋ ሰባት መቶ ሃምሳ ሺህ ነው፤ የሚበዛውን ኪብሮን ከመሥሪያ ቤቱ ተበድሮ ሰኞ ይከፍላል። የዛሬው ቀብድ ሁለት መቶ ሺህ ግን የገበያነሽ የእቁብ ዕጣ ነው። በነጠላ የተጠቀለለው ሄልሜት ውስጥ ታጭቆ ደረቷ ላይ ተቀምጧል።

ሸራውን ገልጠው ሲመጡ ኪብሮን ዓይኗን አላየም። ሞተሩን ከጥላው አወጡት፤ ግራጫ፣ ትልቅ፣ ከሩቅ አዲስ የሚመስል። ገበያነሽ እንደተማረችው ሄዳ መዳፏን አሳረፈችበት። ቀዝቃዛ ነው። ሰንሰለቱ ተቀይሯል፣ ከሥሩ ዘይት የለም፣ የኋላው መቀመጫም አዲስ ቆዳ ለብሷል፤ የተሳፋሪው እግር መርገጫዎች ወደ ላይ ታጥፈዋል። ይህን ሁሉ ዓይኗ አየ፤ ልቧ ግን እዚያ አልነበረም። “እታለም” ይላታል ብላ ጠበቀች። አንድ ጊዜ ቢላት፣ ቀልዶ ነው፣ ሰውዬው ላይ ሊያሾፍ ፈልጎ ነው ብላ ለመርሳት ዝግጁ ነበረች። እሱ ሄልሜቱን አጠለቀ፣ መስታወቱን ወደ ፊቱ አወረደ፣ “ቆይ እዚሁ” አለ ለማን እንደሆነ ሳይለይ፣ አስነሥቶ ወጣ። የበግ ነጋዴዎቹ መንገድ ለቀቁለት፤ ድምፁ ወደ አዲሱ ገበያ ራቀ።

የአሽረፍ ባለቤት ሙኒያ መልካም ሴት ናት። “ፀሐይ ላይ ምን ያቆምሻል፣ ግቢ” ብላ ወደ ቤት አስገባቻት። ክፍሉ ሥጋጃ ተነጥፎበታል፤ በሦስት በኩል ፍራሽና መከዳ ተደርድሯል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ገበያነሽ ጫማዋን አውልቃ ወደ ፍራሹ ስትራመድ ሙኒያ በደግነት በሩ አጠገብ ያለችውን የፕላስቲክ በርጩማ ሳበችላት። “እዚህ አረፍ በይ፣ ነፋስም ታገኛለሽ።” ተቀመጠች። ሙኒያ ራሷ ፍራሹ ላይ ሆና ሻይ ቀዳችላት፤ ለእሷ የቀረበው በብርጭቆ ነው፣ ሙኒያ የምትጠጣው ወርቃማ ጠርዝ ባለው ሲኒ። ክፋት የለባትም፤ ለሠራተኛ የሚደረገውን ነው ያደረገችው፣ እንዲያውም ከሌላው ቤት የተሻለ። ሳንቡሳም ጨመረችላት። የሽንኩርቱን መወደድ፣ የዘንድሮ በግ ሃያ ሺህ ገብቶ ሰው ለሁለት ለሦስት እየተካፈለ መግዛቱን፣ ዝናቡ መስከረም ጠብቶም አልወጣም ማለቱን አወሩ። ከዚያ ሙኒያ ሲኒዋን አስቀምጣ ቀረብ አለች።

“ስንት ዓመት ሆነሽ እሱ ቤት?”

“ሃያ ሁለት።”

“ሃያ ሁለት! አላህ ያክብርሽ፣ የአሁን ሠራተኛ ሁለት ወር አትቀመጥም። ስንት ይከፍሉሻል?”

“እስካሁን አልጠየቅኩም” አለች ገበያነሽ።

ሙኒያ ራሷን ነቀነቀች፣ “ጠይቂ እንጂ፣ ዝም ያለ ሰው ይረሳል” አለች። ይሄኔ ነው የገበያነሽ ስልክ የጮኸው። ከጨንቻ ነው፤ የጎረቤታቸው ስልክ። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ተውሳ ትደውላለች። በጋሞኛ ተነጋገሩ። እናቷ ሞተሩ ተገዛ ወይ አለች፤ እየተሞከረ ነው አለቻት። ልጄ ነው ወይ የሚነዳው አለች፤ እሱ ነው አለቻት። ቀስ በል በይው፣ ሩጫውን ምን ያደርግለታል፣ እኔ የትም አልሄድ፣ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጠብቃችሁ። እነግረዋለሁ እማ፣ አለችና ዘጋች። ሙኒያ ቋንቋው ባይገባትም ፈገግ ብላ ስትሰማ ነበር። “ማን ናት?” አለች። “እናቴ ናት።” “ታድለሽ፣ እናት አለሽ። ያ ምስኪን ጌታሽ በሕፃንነቱ ነው የሞተችበት፤ ሲነግረን እኔ ነኝ ያለቀስኩት። አባቱም እኮ ትልቅ መምህር ነበሩ አሉ።”

አባታቸው ሸማኔ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ ሲሸምን ኖሮ እዚያው ወገቡን ተይዞ የሞተ ሸማኔ። ገበያነሽ ብርጭቆዋን ሥጋጃው ላይ እንዳታፈስ በሁለት እጇ ያዘች። ሙኒያ አላቆመችም፤ ወሬው ጣፍጧታል። አዲሳለምን፣ እጮኛውን፣ ከሕፃንነቷ ነው የምታውቃት፤ ከዚህ ግንብ ወዲያ ነው ያደገችው፣ አባቷ ልጃቸውን ለማን እንደሚሰጡ የሚመርጡ ጨዋ ሰው ናቸው። ሞተሩንም ያገኘችለት እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት አብረው መጥተው ተቀመጠችበት፤ የኋላው መቀመጫ ከፍ አለባት፣ እግሯ መርገጫው ላይ አልደርስ አለ። ኪብሮን አሽረፍን አስፈቅዶ፣ ስፖንጁን አስቀንሶ በእሷ ልክ አዲስ ቆዳ አስለበሰው። “እንዲህ ያለ ወንድ የት ይገኛል! ለመስቀል ሐዋሳ ነው የሚወስዳት። ሆቴሉንም ይዟል።”

ገበያነሽ አላለቀሰችም፤ ማልቀስ ግን አማራት። በርጩማዋ ላይ እንዳለች ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጠጉሯ ነደደች። ልጁ ሰባተኛ ክፍል ሳለ “እታለም፣ ትምህርት ቤት ስትመጪ ሸማውን ተሸክመሽ አትምጪ” ብሏት ነበር። ልጆች ሰድበውት ይሆናል ብላ፣ አሳዝኗት፣ ከዚያ ወዲህ ሸማውን ጎረቤት እያስቀመጠች ትሄድ ነበር። የምርቃቱ ቀን ደግሞ መግቢያ ካርዱ አንድ ብቻ ነው ብሎ ለጓደኛው ሲሰጠው አመነችው። አሁን ሁሉም ተራ በተራ ተመልሶ መጣ። አያፍርብኝም ብላ ራሷን ስታታልል የኖረችው እሷ ናት። እሷን ሠራተኛ ማድረጉን ትችለው ይሆናል፤ በእርግጥም ስታገለግለው ኖራለች። ግን ደጅ ላይ ቁጭ ብላ የምትጠብቅ እናት ላይ በቁሟ አፈር እንዴት ይጨምርባታል?

ግማሽ ሰዓት የተባለው ሁለት ሰዓት ሞላው። አሽረፍ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግቢው ውስጥ እያነከሰ ይመላለሳል፤ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ መጥቶ ገበያነሽን አያት፣ ለመያዣ የምትበቃ መሆኗን የሚመዝን ይመስል። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ መጣ። ኪብሮን ሲገባ ፊቱ በነፋስ ቀልቷል፣ ጥርሱ አይከደንም። “ዳገቱን እንደ ሜዳ ነው የወጣው፣ ምንም አልከበደውም!” አለ። ገበያነሽ ጫማዋን አድርጋ ወጣች፣ ሄልሜቷን እንደታቀፈች። መጀመሪያ ያየችው የእግር መርገጫዎቹን ነው። ሲወጣ ታጥፈው ነበር፤ አሁን ሁለቱም ተዘርግተዋል። አንድ ሰው ዳገቱን አብሮት ወጥቷል።

“እንካ ሰውህን” አለ አሽረፍ መታወቂያውን እየመለሰለት። “አልሐምዱሊላህ። በል እንግዲህ፣ ቀብዱን አምጣና ወረቀት እንጻጻፍ።”

ኪብሮን ወደ ሄልሜቱ አየ። ከዚያ ወደ እሷ አየ፤ ግቢው ከገቡ ወዲህ ገና አሁን ፊቷን ማየቱ ነው። እጁን ዘረጋ። እቃ ይዛ የመጣች ሠራተኛ እቃውን እንደምታቀብል፣ አምጪ ማለቱ ነው። ገበያነሽ አንገቷን ሰበር አደረገች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ሽሮ ሜዳ ከሀብታም ቤት ከእመቤቶቻቸው ኋላ ዘንቢል ይዘው የሚመጡ ሴቶችን ሃያ ዓመት አይታለች፤ አቋቋማቸውን ታውቀዋለች።

“ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለች። “ለእኔ ብር የሰጠኝ ሰው የለም። ምናልባት እትዬ አዲሳለም ጋ ይሆን?”

የኪብሮን እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ጋሼ ያለችው ያጠበችው፣ ያጎረሰችው፣ ኩፍኝ ሲይዘው ሰባት ቀን ታቅፋው ያደረች እኅቱ ናት። ብሩ ሄልሜቱ ውስጥ እንዳለ ያውቃል፤ ጠዋት አብሯት ነው የጠቀጠቀው። ግን ምን ይበል? ሠራተኛዬ ሁለት መቶ ሺህ ብር አላት ይበል? ሙኒያ በሩ ላይ ቆማለች፣ ከሙኒያ ግንብ ወዲያ የአዲሳለም አባት አሉ። አሽረፍ “ቀብድ ሳትይዝ ነው እንዴ የነዳኸው?” አለ፤ ቅንድቡ ተሰበሰበ። “ሰኞ ሌላ ገዢ አለኝ። ዛሬ ካልያዝከው ለሱ ነው።” ኪብሮን “እ... ማለቴ... ትንሽ ጊዜ ስጠኝ” ብሎ ተንተባተበ። ገበያነሽ ለሙኒያ ሻዩን አመስግና፣ ለአሽረፍ ዝቅ ብላ እጅ ነሥታ፣ በእግሯ ከግቢው ወጣች።

በግ ተራው ጋ ሲደርስባት ያለከልካል። “እታለም!” አለ ድምፁን ቀንሶ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ግቢውን አየ፤ የሰማ ሰው እንዳለ ለማረጋገጥ። ገበያነሽ ያንን መዞሩን ባታይ ኖሮ፣ ማን ያውቃል፣ ይቅር ትለው ነበር። ልቧ ሁልጊዜም ለሱ ሲሆን ቅቤ ነው። ግን አየችው።

“አቤት ጋሼ” አለች።

“ኧረ በናትሽ እታለም፣ እንዲህ አትበዪኝ...”

“እናትዎ ደውለው ነበር” አለችው። “ቀስ ብለው እንዲነዱ ብለዋል። ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው።”

እዚያው ከበጎቹ መሃል ትታው ሄደች። ታክሲው ውስጥ የመስኮቱን ወንበር አገኘች። ሎሚዋ ሙኒያ ቤት ቀርቷል። ብሩን ከሄልሜቱ አወጣችና በነጠላዋ ሥር ወገቧ ላይ አሰረችው፤ ገና ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር ሆዷ ተነሣ። አዲሱ ገበያ ሳይደርሱ በላብ ተጠመቀች። አጠገቧ የነበሩት ሴትዮ “ፌስታል! ፌስታል የለም?” ብለው ጮኹ። ፌስታል አልነበረም። ገበያነሽ ሄልሜቱን ገለበጠችና፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ያልዋለውን፣ ውስጡ ገና አዲስ አዲስ የሚሸተውን ሄልሜት አፏ ሥር ያዘችው። ሻዩም ሳንቡሳውም ወጣ። እንባዋም አብሮ መጣ፤ አሁን ማን ይለየዋል።

“ወይኔ፣ በአዲስ ሄልሜት!” አሉ ሴትዮዋ ጀርባዋን እየደባበሱ። “ተበላሸብሽ እኮ።”

“ግድ የለም እማማ” አለች አፏን እየጠረገች። “ሌላ ሥራ የለውም። ለመስቀልም በአውቶቡስ ጨንቻ ድረስ ይዤው ነው የምሄደው።”